አዘጋጁ እህቴን ነካካብኝ፣ ፌስቡክ ላይ ላውጣው ወይስ ልክሰሰው? ላልከው የማርቆስ ልጅ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ረዘም ያለ ስለሆነ ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ልድገመውና ወደ መልሱ ልግባ። ያላችሁት ደብረ ማርቆስ ነው፣ እህትህ 20 ዓመቷ ነው፣ አንድ የቴአትር ቡድን ውስጥ ትሰራለች፣ ደመወዝ የላትም፣ በየትርኢቱ ትንሽ አበል ነው የሚሰጧት። አዘጋጁ ልምምድ ላይ "ተዋናይ ሀፍረት የለውም፣ ሰውነትሽን ላላ አርጊው" እያለ ይነካካታል፣ ማታ ማታ ደግሞ በቴሌግራም "መሪዋን ገጸ ባህሪ ከፈለግሽ እኔ ቤት ነይና እናጥናት" ይላታል። ግንቦት 24 ፍኖተ ሰላም ለትርኢት ሄደው ያደሩ ለት ፔንስዮን ውስጥ ስለ ስክሪፕቱ እናውራ ብሎ ጠርቷት በሩን ቆልፎ ያዛት፣ ታግላ ጮሃ ወጣች። ሌሎች ሁለት ልጆችም እኛንም እንዲህ አርጎናል ብለዋል፣ አንዷ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። አሁን ሰውየው ሽማግሌ ልኳል፣ አንተ ደግሞ ስሙንና ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ልትለቀው ጽፈህ ጨርሰሃል፣ "ልልቀቀው ወይስ ልክሰስ፣ ፍርድ ቤትስ ምን ይፈይዳል" ነው ያልከው።

እኔ ድሮ ዐቃቤ ህግ ነበርኩ፣ አሁን ባህር ዳር በጥብቅና ነው የምሰራው፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ከሁለቱም ወገን አይቻለሁ። ሰውየውን አላውቀውም፣ የሰማሁት ያንተን ወገን ብቻ ነው፣ ስለዚህ የምልህ ሁሉ "የተባለው እውነት ከሆነ" በሚለው ላይ ነው የቆመው። መልሴ ግን አንድ ነው፦ ፖስቱን ተወውና እህትህ ፈቃደኛ ከሆነች ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፣ ምክንያቱም ቀን እየተቆጠረባችሁ ነው፣ ይሄ ደግሞ ማንም ያልነገራችሁ ይመስለኛል።

ምን መሰለህ፣ አንተ አንድ ነገር አርገህ ነው የጻፍከው፣ ህጉ ግን አንድ አርጎ አያየውም። የ1996ቱ የወንጀል ህግ እያንዳንዷን ድርጊት ለየብቻ ነው የሚመዝናት። የፔንስዮኗን ሌሊት እንይ፣ በር መቆለፍና በጉልበት መያዝ አለበት፣ ይሄ አንቀጽ 622 ነው፣ በሀይል ወይም በከባድ ዛቻ ለንጽህና ክብር ተቃራኒ የሆነ ድርጊት መፈጸም፣ ቅጣቱ ከ1 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። ማስረጃው የሰውየው ሀሳብ ግንኙነት መፈጸም እንደነበር ካሳየ ዐቃቤ ህጉ የመድፈር ሙከራ ሊያደርገው ይችላል፣ መድፈር በ620 መነሻው ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው። ግን እሱን ለሱ ተዉለት። ሰው ተናዶ "ደፍሯታል ብለሽ ስጪ፣ ያለዛ አይከብድም" እያለ ተጎጂዋን ያስጠናታል፣ ከዛ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ቃሏ ይፈርሳል፣ እውነት የነበረውም አብሮ ይሄዳል። የሆነውን የሆነውን ያህል ብቻ ትናገር። ደሞ ይሄ የ622ቱ ክስ የግል አቤቱታ አይፈልግም፣ መንግስት ራሱ የሚከሰው ነው፣ ይርጋውም፣ ማለት ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደቡ፣ ሩቅ ነው፣ 15 ዓመት።

የልምምዱ ነገር ግን ሌላ ነው። እዛ ጉልበት የለም፣ ያለው ስልጣን ነው። አንቀጽ 625 ይሄን ያውቀዋል፦ አሳዳሪ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ አሰሪ ነው ወይ ሌላ እንዲህ ያለ ግንኙነት ያለው ሰው የሴቷን ችግር ወይ በሷ ላይ ያለውን ስልጣን ተጠቅሞ ከፈጸመ ይቀጣል ይላል። ማን ምን ገጸ ባህሪ እንደሚጫወት የሚወስን አዘጋጅ እዚህ ውስጥ አይገባም የሚለኝ ካለ እከራከረዋለሁ። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፣ እሱም በመርህ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፣ እኔ በበኩሌ ህጉ እዚህ ላይ በጣም ለስልሷል ባይ ነኝ፣ ቴአትር ቤት ውስጥ ጉዳት የሚደርሰው አብዛኛውን በቡጢ አይደለም እኮ፣ "አንቺን ከመድረክ አወርድሻለሁ" በማለት ነው። ሁለተኛው የባሰው፣ ይሄ ወንጀል የሚያስከስሰው ተጎጂዋ ራሷ አቤት ስትል ብቻ ነው፣ አቤቱታው ደግሞ ድርጊቱንና ፈጻሚውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። 3 ወር! አሁን ቁጠር፣ ዛሬ ነሐሴ 12 ነው፣ ለምሳሌ ግንቦት 24 አካባቢ ልምምድ ላይ የተፈጸመ ንክኪ ነሐሴ 24 አካባቢ ይሞላል (የፔንስዮኑን ይሄ የ3 ወር ገደብ አይነካውም)። የልምምዱ ንክኪ የሚያዝያው እንግዲህ አልፏል ብለህ ያዘው፣ ከግንቦት አጋማሽ ወዲህ ያለው ግን ገና በእጃችሁ ነው፣ እያንዳንዷ ቀን ባለፈች ቁጥር አንድ ልምምድ ከመዝገቡ እየወጣ ነው ማለት ነው። ሽማግሌው "ፍልሰታ ትውጣና ረጋ ብለን እንነጋገር" ብሏችኋል ብለሃል አይደል፣ ክፋት አስቦ ነው አልልም፣ ግን ረጋ ማለቱ ማንን እንደሚጠቅም አስበው።

ቴሌግራሙ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ይሄ ብዙ ሰው ያናድዳል ግን እውነቱ ነው፣ የወንጀል ህጋችን በቃል ወይ በጽሁፍ የሚደረግ ጾታዊ ትንኮሳን ለብቻው አንቀጽ አልሰጠውም። አንቀጽ የሰጠው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ ነው፣ 1156/2011፣ እዛ ላይ ትንኮሳም ጥቃትም ትርጉም ተሰጥቷቸው ተከልክለዋል፣ የተተነኮሰች ሰራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ስራዋን ለቃ ካሳ መጠየቅ ትችላለች። ግን "ሰራተኛ" መሆን አለባታ! የኛ ሀገር የክፍለ ሀገር ቴአትር ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ውል የሚባል ነገር የለም፣ ልጆቹ ለፍቅር ነው የሚሰሩት፣ ከወጣት ማዕከል አዳራሽ ለምነው፣ አልባሳት ከቤታቸው አምጥተው። በየትርኢቱ አበል ፈርማ የተቀበለችበት ወረቀት ካለ አስቀምጡት፣ ክርክር ለማንሳት ይረዳል፣ ተስፋችሁን ግን እዛ ላይ አትጣሉ፣ ለመልቀቁም የተሰጠው ቀን አጭር ነበር፣ አልፏል። የመንግስት ባህል ቡድን ውስጥ ተቀጥረው ለሚሰሩት መንገዱ በሲቪል ሰርቪሱ ህግ በዲሲፕሊን ነው፣ እናንተን ስለማይመለከት አልገባበትም።

አሁን ደግሞ በጥያቄህ ውስጥ እግረ መንገድህን ጣል አርገሃት ያለፍካት፣ ለኔ ግን ትልቋ ነገር፣ 17 ዓመቷ የነበረችው ልጅ ናት። እሷ ጋ ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ የሚፈጸመው በ626 ነው የሚታየው፣ እሺ ብላለች አላለችም የሚል ክርክር የለም፣ የ3 ወር አቤቱታ የለም፣ ልጅቷ ተማሪው ወይ በስሩ ያለች ከሆነች ደግሞ ቅጣቱ ከፍ ይላል፣ ግንኙነት ከነበረ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። የልደት ካርዷን ወይ የክርስትና ወይ የትምህርት ቤት ማስረጃዋን ቤተሰቧ ያዘጋጅ። ግን ስማኝ፣ ይሄ የሷና የቤተሰቧ ነገር ነው፣ አንተ የእህትህን መዝገብ ለማክበድ ብለህ ሳትጠይቃት ስሟን ፖሊስ ፊት እንዳትጠራው። ሂድና እናቷን አናግር፣ እናትህም ትሂድ አብራህ፣ ሴት ለሴት ይሻላል።

ማስረጃ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ መዝገብ የሚሞተው እዚህ ነውና። ቴሌግራም ላይ ላኪው የጻፈውን ካንተም ስልክ ላይ ማጥፋት እንደሚችል ታውቃለህ? ከወራት በኋላም ቢሆን ይችላል። ስለዚህ ሰውየው "ፖሊስ ሊሄዱ ነው" የምትለዋን እንደሰማ ማታ ቁጭ ብሎ ያጸዳዋል፣ ጠዋት ስትከፍቱት ባዶ ነው። ዛሬውኑ ስክሪንሹት አንሱ፣ ስሙና ቁጥሩ ያለበትን ፕሮፋይል ጭምር፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አርጋችሁ፣ ከዛ በሌላ ስልክ ደግሞ ስልኳን እራሱን እያንሸራተታችሁ ቪዲዮ ቅረጹት። ሲክሬት ቻት ከሆነ ስክሪንሹት እምቢ ሊል ወይ ለሱ ሊነግርበት ስለሚችል በሌላ ስልክ ብቻ አንሱት። ምንም አትቁረጡ፣ የሷ መልስ የሚያሳፍር ቢመስላችሁም አትቁረጡ፣ "እሺ ጋሼ አያለሁ" ብላ ስቃ የመለሰችው መልዕክት ይኖራል፣ ሁሌም ይኖራል፣ የተቆረጠ ቻት ያቀረበ ሰው ግን ችሎት ላይ ራሱን ነው የሚያጋልጠው። ስልኩን አትሽጡት፣ ፎርማት አታድርጉት፣ መርማሪው ዋናውን ሊያይ ይፈልጋል።

የሰው ማስረጃ ሲባል ሁሉም "ማንም አላየም፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ" ይላል። እሺ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ኮሪደሩስ? ስትጮህ የሰማ፣ ባንድ እግር ጫማ ስትወጣ ያየ፣ ያን ለሊት ከማን ጋ አደረች፣ መጀመሪያ የነገረችው ማንን ነው፣ ምን ብላ? የፔንስዮኑ ተረኛ ማን ነበር፣ የእንግዳ መዝገቡ ላይ የማን ክፍል በማን ስም ነው? ህጋችን ሁለት ምስክር ካልመጣ አይልም፣ የራሷ ቃል ማስረጃ ነው፣ ግን በዙሪያው በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች ሲደገፍ ነው ዳኛ የሚያምነው። እህትህ ለብቻዋ ቁጭ ብላ የምታስታውሰውን በራሷ እጅ ትጻፈው፣ አንተ አጠገቧ አትሁን።

ቦታውን ደግሞ ልብ በል፣ የልምምዱ ማርቆስ ነው፣ ምስራቅ ጎጃም፣ የፔንስዮኑ ፍኖተ ሰላም ነው፣ ምዕራብ ጎጃም። ክስ በመርህ ደረጃ የሚታየው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ሁለት መዝገብ ሊሆን ይችላል፣ ለምስክርነትም ደምበጫን አልፎ መመላለስ አለ፣ መንገዱ በዚህ ሰሞን እንዴት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም፣ ቀጠሮ ሲተላለፍ ተስፋ አትቁረጡ ለማለት ነው። አቤቱታውን ግን ማርቆስ ጣቢያ ስጡ፣ የሰጣችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዛችሁ ውጡ፣ "የኛ ቦታ አይደለም" ካሏችሁ ዐቃቤ ህግ ቢሮ ሂዱ፣ ሴቶችና ህጻናት ጽህፈት ቤትም ይገፋላችኋል። ለወንጀሉ ጠበቃ መግዛት አያስፈልጋችሁም፣ ዐቃቤ ህጉ ነው የሚከራከረው፣ ምክር ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያ ሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበር በነጻ ይረዳል፣ ዩኒቨርስቲያችሁ የህግ ትምህርት ቤትም ነጻ የህግ ድጋፍ ይሰጣል። (ይሄን የምታነብ ሌላ እህት ካለች፣ ነገሩ መደፈር ከሆነና ቀኑ ትኩስ ከሆነ ከፖሊስም በፊት ሆስፒታል ነው፣ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው የሚጀመረው፣ ሳትታጠቢ ሂጂ።)

ወደ ሁለቱ ልጆች ልመለስ። አንተ ያሰብከው እህትህ ከሳ እነሱ መጥተው "እኛንም ነካክቶናል" ብለው እንዲመሰክሩላት ነው። እንደዛ አይሰራም፣ ወይ በጣም ደካማ ነው። የኛ የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርዓት ህግ፣ የ1954ቱ፣ አንቀጽ 138 የተከሳሽ ያለፈ ታሪክ ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ለዳኛ እንዳይነገር ይከለክላል፣ ሰው የሚፈረድበት በተከሰሰበት ነው እንጂ በአመሉ አይደለም። የአሜሪካውን የፊልም ሰው የሀርቪ ዋይንስታይንን ነገር ሰምተህ ይሆናል፣ በፈረንጆቹ 2020 ኒውዮርክ 23 ዓመት ተፈረደበት፣ በ2024 የግዛቲቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት 4 ለ 3 በሆነ ድምጽ ሻረው፣ ለምን? ክስ ያልቀረበባቸውን ድርጊቶች የሚናገሩ ሴቶች ምስክር ተደርገው ስለተሰሙ። በ2025 እንደገና ታይቶ በአንዱ ክስ ጥፋተኛ ተባለ፣ ግን ሴቶቹ ያን ሁሉ ዳግመኛ መናገር ነበረባቸው።

ተቃራኒውን ደግሞ ደቡብ ኮሪያ እናገኘዋለን፣ ይሄኛው ቴአትር ነው በትክክል። ሊ ዩንቴክ የሚባል በሀገሩ የተከበረ አዘጋጅ፣ የራሱ ቡድን ያለው፣ በስሩ ያሉ ተዋናይ ሴቶችን ይነካካ ነበር ተብሎ በ2018 ተከሰሰ፣ መከላከያው ምን ነበር መሰለህ፣ የትወና ስልጠና ነው! ያው "ላላ በይ" ነው። ሴቶቹ ግን አንዷ ለሌላዋ ምስክር ሆነው አልቀሩም፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ተበዳይ ሆነው ነው የቀረቡት፣ ፍርድ ቤቱ 6 ዓመት ፈረደ፣ ይግባኝ ላይ 7 ሆነ፣ በ2019 ጸና። የኔ ምክር ይሄ ነው፦ ሦስቱም ልጆች፣ የሚፈልጉ ከሆነ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አቤቱታ ይስጡ። ያኔ የአንዷ ቃል የሌላዋ ማሟሻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ክስ ይሆናል። ከዛ በፊት ግን ቁጭ ብለው ቃላቸውን እንዳያስማሙ፣ የሱ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ጊዜ ተገናኝታችሁ ተነጋገራችሁ" ብሎ ነው።

"ኮሪያ ላይ እኮ የጀመረው ፌስቡክ ላይ ነው" ትለኝ ይሆናል፣ እውነትህን ነው፣ አንዲት አዘጋጅ የደረሰባትን ፌስቡክ ላይ ጽፋ ነው የፈነዳው። ግን የጻፈችው ራሷ ተበዳይዋ ናት፣ ወንድሟ አይደለም። አንተ ስትለቀው ግን ማርቆስ እኮ ነው፣ ስሙን ብቻ ብትጽፍም እስከ ማታ ማን እንደሆነች ከተማው ያውቃል፣ እህትህ ሳትወስን ተወሰነባት ማለት ነው። ደሞ ህጉ አለ፣ አንቀጽ 613 የሰውን ክብር ለመንካት ብሎ ለሌላ ሰው የተናገረ፣ የተናገረው እውነት ቢሆንም እንኳ ስም ማጥፋት ነው ይላል፣ ኮሪያም እንደዚሁ ነች። ሰውየው ቀድሞ ከሳሽ ሆኖ አንተ ተከሳሽ ሆነህ ትቆማለህ፣ እህትህ የመጀመሪያ ቃሏን የምትሰጠው ባንተ መዝገብ ላይ መከላከያ ምስክር ሆና ይሆናል።

እንዲህ ያለ ነገር አውስትራልያ ውስጥ ሆኗል። ጄፍሪ ረሽ የሚባለው ትልቅ ተዋናይ፣ ሲድኒ ላይ ኪንግ ሊርን ሲጫወት አብራው የሰራች ተዋናይ ለቴአትር ድርጅቱ በምስጢር ቅሬታ አቀረበች፣ ይፋ እንዲወጣ አልፈለገችም። ጋዜጣ በ2017 መጨረሻ አወጣው። ሰውየው ጋዜጣውን ከሰሰ፣ ልጅቷ ሳትፈልግ ምስክር ወንበር ላይ ወጣች፣ ዳኛው ጋዜጣው እውነትነቱን አላስረዳም ብሎ በ2019 ለሰውየው ፈረደለት፣ ካሳው ተደማምሮ ወደ 2.9 ሚሊዮን የአውስትራልያ ዶላር ደረሰ፣ ይግባኙም ውድቅ ሆነ። እዛ ችሎት ላይ ማንም በወንጀል አልተከሰሰም፣ የተመዘነው ግን የሷ ቃል ነው።

"ፍርድ ቤትስ ምን ይፈይዳል" ላልከው አላታልልህም። ዐቃቤ ህግ ማስረጃው አይበቃም ብሎ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል። ክስ ተመስርቶም ምስክር ከተሰማ በኋላ ዳኛው "ይከላከል" ሳይል በነጻ ሊያሰናብተው ይችላል። ኬቪን ስፔሲን ውሰድ፣ ለንደን ያለውን ኦልድ ቪክ ቴአትር ከ2004 እስከ 2015 በጥበብ ዳይሬክተርነት የመራው፣ ቴአትር ቤቱ ራሱ በ2017 ባስደረገው ማጣራት 20 ሰዎች ቅሬታ ሰጥተው ነበር፣ በ2023 ግን ለንደን ላይ በቀረቡበት 9 ክሶች ከሁሉም ነጻ ወጣ። ቅሬታ መብዛቱና ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት የተለያየ ነው፣ ደግሞ የተከሰሰ ሁሉ ጥፋተኛ ነው ብሎ የሚነሳ ፍርድ ቤት አንተንም አንድ ቀን ይበላሃል። ካሳውን እዛው የወንጀል መዝገብ ላይ ጉዳዩ መሰማት ሲጀምር መጠየቅ ይቻላል፣ የስነ ስርዓቱ አንቀጽ 154 ይፈቅዳል፣ የሚወሰነው ግን ጥፋተኛ ከተባለ ነው፣ የህሊና ጉዳት ካሳችን ግን ትንሽ ነው፣ ለገንዘብ ብላችሁ አትግቡበት። ለልጅቷ ከባዱ ችሎት ላይ መናገሩ ነው፣ ጉዳዩ በዝግ እንዲታይላት ዐቃቤ ህጉን አስቀድማችሁ ጠይቁት፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 20 የግል ህይወትን ለመጠበቅ ሲባል ይሄን ፈቅዷል።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ይመጣሉ ብለሃል። አባቶችን አታዋርዷቸው፣ ቡና አፍሉላቸው፣ ስሟቸው። ግን የፔንስዮኑን በእርቅ መዝጋት አይቻልም፣ የመንግስት ክስ ነው፣ የልምምዱ ግን በናንተ አቤቱታ ላይ የቆመ ስለሆነ "ትተናል" ካላችሁ በቃ ተዘጋ፣ ሰውየውም ጠበቃ አማክሮ ከሆነ የሚፈልገው እሱን ነው። አቤቱታው ከእሁድ በፊት ጣቢያ ይግባ። እሁድ ለት ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ፣ ቃለ ጉባኤም ቢሉት፣ የይቅርታ ደብዳቤም ቢሉት፣ በእህትህ ስም አባትህም ቢሆኑ አይፈርሙ፣ 20 ዓመቷ ነው፣ ፈራሚዋ እሷ ብቻ ናት።